የሊሲያቴ ራስና የአባታችን መቃብር

ሊፉካ ደሴት፣ ሃአፓይ
ማርች 4 ቀን 1979

ለተከበሩ ታላቅ እኅቴ ለቶኪሉፔ፤

እርስዎን በዚያ በብርዱ አገር፣ እኔን በዚህ በቶንጋ አሸዋችን ላይ እስከዚች ዕለት ያቆመን አምላክ ይመስገን። የላኩልኝ ብርድ ልብስ ደርሶኛል። በዚህ ሙቀት ምን እንደማደርግበት ባላውቅም፣ ከእርስዎ የመጣ ነውና አጥፌ በክብር አስቀምጬዋለሁ።

መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሙታኖቻችን መካከል መኝታው ያልተመቸው ማን እንደ ሆነ ለጠየቀ ሰው በችኮላ አይጻፍለትም።

ልጄ ሊሲያቴ በወደባችን የደረቀ ኮኮናት ጆንያ እየተሸከመ አደገ፤ በኑኩአሎፋ ሜዳ በዓል በመጣ ቁጥር የየደሴቱን ጉልበተኛ እየዘረረ ስሙን አስጠራ፤ ወደ እርስዎ ከተሻገረ በኋላም እስከ ሲድኒ ድረስ የከባድ ሚዛን ቡጢኞችን ተራ በተራ አስተኛ። በመጪው ዲሴምበር ስለ ሻምፒዮናው ቀበቶ ይጋጠማል። እኔም የባላባታችን ቃል አቀባይ እንደ መሆኔ፣ የካቫ ሥር መጠጥ በሚቀዳበት ሸንጎ ላይ «ልጄ ቀበቶውን አምጥቶ ከእግርዎ ሥር ያኖረዋል» ብዬ ተናግሬአለሁ። እኔ በሸንጎ የተናገርሁት ቃል ወደ አፌ ተመልሶ አያውቅም።

ራሱን ያመዋል፣ ግድግዳ እየደገፈ ይሄዳል፣ እሱ ከመወለዱ በፊት የሞተውን አባታችንን በስሙ ይጣራል ያሉኝን ይዤ ወደ መድኃኒተኛዋ ወደ ሴሉ ሄድሁ። ገና ሳልቀመጥ «ራስ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«መምህር፣ አንተ የገዛ እግርህ ሲያብጥ እንኳ ወደ እኔ መጥተህ አታውቅም። ለልጅ ካልሆነ ማን ያመጣሃል?» አለችና ዘይቷን በመዳፏ አሸች። ከዚያም «የታመመው ልጁ አይደለም፤ አያቱ ናቸው። መቃብሩ አጠገብ ያለው የቶአ ዛፍ ሥሩን ወዴት እንደ ሰደደ እዩ» አለች።

ሙት መኝታው ሲጎረብጠው ሕመሙን ለሚወደው እንደሚያካፍል እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። መቃብሩ መከፈት አለበት። የአባታችን የበኩር ሴት ልጅ ግን እርስዎ ነዎት፤ ያለ ቃልዎ አንዲት ጠጠር አትነሣም።

ታናሽ ወንድምዎ፣
ፔኒሲማኒ


ኦክላንድ
ማርች 30 ቀን 1979

ወንድሜ ፔኒሲማኒ፤

ክፈቱት። ኢኖኬ ይቆፍር፤ የአባታችን እኅት ልጅ ስለሆነ አጥንቱን መንካት የሚገባው እሱ ነው። አንተ ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ሥርዓቱ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አንተ እኮ በልጅነትህ ዶሮ ሲታረድም ታለቅስ ነበር።

ይበላል ወይ ብለህ እንዳትሰጋ፣ ይበላል፤ የራሴን ድርሻ ደብቄ ነው የማስቀምጠው። ቤተ ክርስቲያንም ይሄዳል። በመዝሙሩ መካከል ግን ዝም ይልና፣ ቃሉ ከአፉ የወደቀ ይመስል ወለሉን ያያል። በመጨረሻው ግጥሚያ እጁን ሰብሮ በጀሶ ታስሯል። አትጻፊ ብሎኝ ነበር። «እቴቴ፣ ለአባባ ስትጽፊ የእኔን እጅ ተይና የዚያን ሳሞአዊ ጭንቅላት ንገሪው። ጭንቅላት አይደለም፣ ወፍጮ ነው!» ብሎ ሳቀ። እኔም ከሳቀልኝ ብዬ አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ወደ በሩ እያየ፣ «ምነው፣ ሽማግሌውን ተቀመጡ አትያቸውም?» አለኝ።

በር ላይ ማንም አልነበረም።

«የትኞቹን ሽማግሌ?» አልኩት።

«ጆሯቸውን የያዙትን ነዋ። አሸዋ እያራገፉብሽ ነው እኮ።»

ወለሉን ያን ዕለት ጠርጌው ነበር። እንደገና ጠረግኩት። ምን እንደለበሱ አልጠየቅኩትም፤ አንተም አትጠይቀኝ።

ቶሎ ቆፍሩ።

ቶኪሉፔ


ሊፉካ
ኤፕሪል 26 ቀን 1979

ለተከበሩ እኅቴ፤

ሥራው ማክሰኞ ማለዳ ተፈጽሟል። ሰባኪያችን መጥተው ጸለዩ፤ ከጸሎቱ በኋላም የሚሆነውን ላለማየት ወደ ባሕሩ ዞረው ቆሙ። እኔ እንዳዘዙኝ ራቅ ብዬ፣ ለሐዘንና ለይቅርታ የሚታጠቁትን የተቀደደ ሰሌን ታጥቄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ስለዚህ የምጽፍልዎ በዓይኔ ያየሁትን ሳይሆን የሰማሁትን ነው።

ነጩ አሸዋ ሲገፈፍ ሰማሁ። ኢኖኬ እንደ ልማዱ አፉን አልዘጋም። «አይ አጎቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተኝተው ጥርስዎ ከመምህር ጥርስ ይበልጣል!» አለ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ሰባኪው እንኳ ትከሻቸው ተነቃነቀ። እኔ ልቆጣ አስቤ፣ አባታችን ራሱ ቀልድ ይወድ እንደ ነበር ትዝ ብሎኝ ተውሁት።

ቀጥሎ የኢኖኬ ድምፅ ጠፋ። ኢኖኬ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«መምህር» አለኝ በመጨረሻ፣ «በጆሮው ገብቷል።»

ሥሩ በአንደኛው ጆሮ ገብቶ በዓይኑ ወጥቶ ነበር። በጥንቃቄ ቆረጡት፤ አጥንቱን መዓዛ ባለው የኮኮናት ዘይት አጠቡት፤ በአዲስ የቅርፊት ልብስ ጠቅልለው መለሱት። ዛፉንም ጣሉት። ስለ ዶሮው የጻፉትን በሚመለከት፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለ ነበር ማንም ምስክር የለውም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ፤ በዚያ ማክሰኞ የልጄ ራስ እንዴት ዋለ?

ወንድምዎ፣
ፔኒሲማኒ


ኦክላንድ
ጁን 10 ቀን 1979

ወንድሜ፤

ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርህ። በዚያ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ሊሲያቴ ጓሮ ቆሞ በአንድ እጁ ልብሴን ያሰጣል። «እቴቴ፣ ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ባሕር ዛሬ ጸጥ አለ» አለኝ። ደብዳቤህ ገና በመንገድ ላይ ነበር። ሲደርሰኝ ቀኑን ደጋግሜ አየሁት። እሑድ በቤተ ክርስቲያን አነበብኩላቸው፤ ሴቶቹ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ደጄ ላይ የቆመ ሰው የለም።

ዶይል የሚሉት ፈረንጁ አሠልጣኝ ወሬውን ሰምቶ፣ «እንግዲህ አያትየው ከተሻላቸው ልጁ ሰኞ ልምምድ ይምጣ» አለ። ለመቀለድ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ። መቃብሩ በተከፈተ ጊዜ እጁ በጀሶ ከታሰረ ሰንብቶ ነበር። ያን ሰሞን ጭንቅላቱን የመታው ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው... ተወው። ጀሶው ትናንት ተፈትቷል።

ቶኪሉፔ


ሊፉካ
ኦገስት 2 ቀን 1979

ለተከበሩ እኅቴ፤

ስለ ጤንነቴ የጠየቁኝ ሁሉ መልካም ነው፤ እግሬ እንደ ሆነ ድሮም ለመቀመጥ ነው የሚፈልገኝ።

በደብዳቤዎ ግርጌ ስለ ጀሶው የጻፉትን አንብቤዋለሁ። በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ፣ ተማሪ ትክክለኛውን መልስ ካገኘ በኋላ ጥያቄውን እንዲደልዝ ፈቅጄለት አላውቅም። ሥሩ በጆሮው ውስጥ ነበር። ተቆረጠ። ሕመሙ ሄደ። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?

ፊጂ፣ ሱቫ ላይ ያሸነፈበትን ዜና በሬዲዮ ሰምተናል። መንደሩ ሁሉ ደጄ ላይ ተሰበሰበ። ኢኖኬ በመካከል ቆሞ፣ «ሰዎች፣ ልጁ የእናቱን ወገን ነው የመሰለው! አባትየው ጠመኔ ከማንሣት በቀር ምን ጉልበት ነበረው?» እያለ አሳቃቸው። ባላባታችንም አሳማ ላኩ። የደስ ደስ ነበር።

ይሁን እንጂ እርስዎ ከዚያ ወዲህ ስለ ሱቫ የጻፉልኝ፣ «አሸንፏል፣ ተመልሷል» የምትል አንዲት መስመር ናት። በድል ጊዜ ቃል የሚያጥርዎ ሴት አልነበሩም። ይህችን መስመር ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አነበብኋት፤ ባነበብኋት ቁጥር ከጀርባዋ የቆመ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ምን ሸሸጉኝ?

ወንድምዎ፣
ፔኒሲማኒ


ኦክላንድ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1979

ወንድሜ፤

ሸሽጌሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ከዚህ በታች ያለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ከሱቫ ሲመለስ ቤቴ ጠፋው። ይህን ሁሉ ዓመት የኖረበት ቤት! ጎረቤታችን መንገድ ዳር ቆሞ አግኝቶ እጁን ይዞ አመጣው። እንደ ገባ፣ «እቴቴ፣ ደወሉ ተደወለ እንዴ?» አለኝ። «የምን ደወል?» ስለው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ተመልሰዋል። አሁን ግን ጆሯቸውን አልያዙም፤ ዝም ብለው ነው የተቀመጡት አለኝ። ብቻቸውንም አይደሉም። አጠገባቸው ፀጉሯን የምታበጥር አሮጊት አለች። «ማንን ትመስላለች?» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና «አንቺን» አለኝ።

እናታችንን ሰው ሁሉ በእኔ መልክ እንደሚያስታውሳት ታውቃለህ።

ሐኪሙ ጭንቅላቱን በመሣሪያ አይቶ ከእንግዲህ አንዲት ቡጢ እንኳ እንዳትጨመርበት አስጠንቅቋል። ዶይል ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ «እኔ አላስገድደውም፤ እሱ ይወስን» አለ። ልጅህ ግን ወስኗል። «አባባ በባላባቱ ፊት ተናግሯል። አባባ ከተናገረ አለቀ» ይለኛል። ሌላ መልስ የለውም።

ወንድሜ፣ የአባቱ እኅት ነኝ። በወጋችን የሱ የሆነ ሁሉ የኔ ነው፤ «አምጣ» ካልኩት እምቢ ማለት አይችልም። ግን ያቺን ቃል ብናገር አንተ በሸንጎ የተናገርከውን በእግሬ ረገጥኩ ማለት ነው። አንተና እኔ ከልጅነታችን ጀምሮ በወንድምና እኅት ወግ በአንድ ጣሪያ ሥር ሳናድር፣ ክፉ ቃል ሳንለዋወጥ እየተከባበርን ነው ያረጀነው። ካልጠየቅከኝ አልናገርም።

ጠይቀኝ።

ቶኪሉፔ


ሊፉካ
ኖቬምበር 5 ቀን 1979

ለተከበሩ እኅቴ፤

በቴሌግራም የሰጡኝን ፈቃድ ተቀብዬ የእናታችንን መቃብር አስከፍቻለሁ።

በዚህ ጊዜ ጀርባዬን አልሰጠሁም። ኢኖኬም አልቀለደም። አሸዋው እየተነሣ ሳለ ምን ብዬ ስጸልይ እንደ ነበር ልንገርዎ፤ «ጌታ ሆይ፣ ሥር ይኑር» እል ነበር። በእናቴ አጥንት ውስጥ ሥር እንዲበቅል ለመንሁ።

ምንም አልነበረም። ባሕር አጥቦ እንደ ተፋው ዛጎል ንጹሕ ናት። ሥር የለም፣ ድንጋይ የለም፣ አንዲት ጉንዳን እንኳ የለችም። ኢኖኬ በጉልበቱ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ።

«መምህር፣ ስንቀብራት የኤሊ ቅርፊት ማበጠሪያዋን በደረቷ ላይ ነበር ያኖርነው አይደል?» አለኝ።

«አዎን፣ በደረቷ ላይ።»

«በእጇ ነው ያለው።»

መልሰን ሸፈንናት። ስንመለስ ኢኖኬ መንገድ ላይ ቆመና፣ «እሺ፣ አሁን ደግሞ ማንን እንቆፍር? አንተን?» አለኝ።

እኅቴ፣ እናታችን አልታመመችም። አባታችንም ከተቆረጠለት ወዲህ ጆሮውን አልያዘም ብለውኛል። ሁለቱም ደኅና ከሆኑ በእርስዎ ቤት ምን ያደርጋሉ? ሰው ሊሞት ሲል ዘመድ መጥቶ ዙሪያውን እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ እነርሱም የልጅ ልጃቸውን ሊያስታምሙት መጥተው ነው የተቀመጡት። ሊቀበሉት ነው። እኛ ከሕመሙ ጋር ስንሟገት፣ እነርሱ ተራቸውን ጠብቀው ተቀምጠዋል።

የተቀደደ ሰሌኔን ታጥቄ፣ የይቅርታውን ቅጠል በአንገቴ አጥልቄ፣ ከባላባታችን ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጥሁ። ጥላ ወደ እኔ እስኪደርስ ድረስ አልወጡም። ሲወጡ ነገሩን በሥርዓቱ ተናገርሁ፤ ቃሌን እንደማጥፍ፣ ቀበቶው እንደማይመጣ። አዳምጠው ጨረሱና፣

«ፔኒሲማኒ፣ ለመሆኑ ቀበቶ አምጣልኝ ያልሁህ መቼ ነው?» አሉኝ። «እኔ መታጠቂያ አላጣሁ። ተነሥ፣ ፀሐይ መታህ።»

ተነሣሁ። ከሰደቡኝ ይልቅ ይህ ከበደኝ፤ ለካ ያን ቃል ከእኔ በቀር የጠየቀ አልነበረም።

ቃልዎን ይናገሩ። እጠይቅዎታለሁ። ይህ ካነሰ ደግሞ እለምንዎታለሁ፤ ይህን ግሥ በራሴ ላይ ሳውለው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ወንድምዎ፣
ፔኒሲማኒ


ኦክላንድ
ዲሴምበር 16 ቀን 1979

ወንድሜ፤

በጊዜው ደረስኩ ወይ ብለህ በቴሌግራም ለጠየቅከኝ፣ ለግጥሚያው ደርሻለሁ። ለሌላው አላውቅም።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ዶይል ለልምምድ ከከተማ ይዞት ወጥቶ ነበር፤ የት እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ስለዚህ በግጥሚያው ዕለት የክብር ሰሌኔን ታጥቄ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። በር ላይ ሁለት ዘበኞች ቆመዋል። ፈረንጁ «ትኬት የላትም» ሲል፣ ሌላው የኛ አገር ልጅ ነበርና «ጎበዝ ከሆንክ አንተ ጠይቃት፤ እኔ እናት አለኝ» ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ።

ሊሲያቴ ጓንቱ ታስሮለት ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ቆምኩና «አምጣ» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ፣ እጁን እንደሚታጠብ ሕፃን።

ዶይል «ማን ናት ይህች?» አለ።

«አክስቱ» አለው ውኃ የሚያቀብለው የኛው ሰው።

«አክስትማ እኔም አለችኝ! ታዲያ?»

«ያንተን አላውቅም። የኔዋ ብትመጣና ጫማህን ብትለኝ፣ ባዶ እግሬን ነው ቤቴ የምገባው።»

ዶይል መቀሱን አንሥቶ የጓንቱን ማሰሪያ ራሱ ቆረጠ። ስንወጣ ሕዝቡ ያለንን አልጽፍልህም፤ ለወንድም የሚጻፍ አይደለም።

መኪና ውስጥ፣ «እቴቴ፣ አሸነፍኩ?» አለኝ። «አሸነፍክ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ፣ «እንግዲህ ጠጋ በይላቸው፤ ሽማግሌውና አሮጊቷ ቆመው ቀሩ» አለኝ።

ጠጋ አልኩላቸው።

በሚቀጥለው መርከብ አሳፍሬዋለሁ። አንተው ተቀበለው።

ቶኪሉፔ


ሊፉካ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1980

ለተከበሩ እኅቴ፤

ያውቅሃል ወይ ብለው ለጠየቁኝ፣ አንዳንድ ቀን ያውቀኛል። ጎደሬውን ይኮተኩታል፤ ከኢኖኬ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ይወጣል። ኢኖኬ «ይህ ልጅ መረቡን ረስቶ ዓሣውን በቡጢ ሊመታ ነበር» ብሎ ሲያወራበት አብሮ ይስቃል። ስለ ሌሎቹ ሁለቱ አልጠየቅሁትም። ምንጣፉ ላይ ሲቀመጥ ግን በግራና በቀኙ ቦታ ይተዋል፤ እኛም በዚያ ቦታ አንቀመጥም።

የሚከተለውን ከሌላ ሰው ከመስማትዎ በፊት ከእኔ ይስሙት።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌዎቹ በቤቴ ካቫ ሊጠጡ ተሰብስበው ነበር። ሰባኪውም ነበሩ። በጨዋታችን መካከል ሊሲያቴ ውኃ የያዘ ባልዲና እርጥብ ጨርቅ ይዞ ገባ። ከፊቴ ተንበረከከ። ግንባሬን ጠረገልኝ። ቀጥሎ መዳፉን በአናቴ ላይ አኖረ።

ልጅ የአባቱን ራስ አይነካም። ይህን ለእርስዎ መጻፍ አይገባኝም፤ የጻፍሁት እጄ እንዴት እንደ ከበደኝ እንዲያውቁልኝ ነው። እኔ የአባቴን ራስ በሕይወቱም ሆነ በአጥንቱ ነክቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን በካቫው ገበታ ላይ ተከሉ። ኢኖኬ ሊነሣ ሲል በዓይኔ አስቀመጥሁት።

«አይዞህ» አለኝ ልጄ፣ በጆሮዬ። «እሱም ደክሟል፤ አይቼዋለሁ። ቀኝህን ብቻ አታውርድ። አንድ ዙር ነው የቀረህ። ትወጣለህ?»

ማን መስዬ እንደ ታየሁት አላውቅም። ዓይኑ ግን በእኔ ላይ ነበር፤ የምመልሰውንም ይፈራ ነበር። ዶይል በቡጢው መድረክ ጥግ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጦ ስንት ጊዜ እንዲህ ብሎ ጠይቆት ይሆን? እርሱስ የእኔን ቃል ተሸክሞ ስንት ጊዜ «እወጣለሁ» ብሎ ይሆን?

«በቃኝ» አልሁት።

«እህ?»

«በቃኝ። አልወጣም።» በሸንጎ እንደምናገረው፣ ሁሉም እንዲሰሙት አድርጌ ተናገርሁት።

ሊሲያቴ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰና፣ ግጥሚያ የሚያስቆም ሰው ፎጣ እንደሚወረውር፣ ጨርቁን በሽማግሌዎቹ መካከል ምንጣፉ ላይ ወረወረው። «እሰይ» አለ። «ደግ አደረግህ። ደግ አደረግህ፣ ወንድሜ። በል እንግዲህ ወደ ቤት እንሂድ።»

አጠገቤ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ካቫቸውን ጠጥተው እስኪወጡ ድረስ እጁን ከራሴ ላይ አላነሣም፤ እኔም አንሣ አላልሁትም።

ታናሽ ወንድምዎ፣
ፔኒሲማኒ